ከሁለቱ ፎርዋርዶች የትኛውን?

ጥያቄ፦ ነቀምቴ ውስጥ የተማሪዎች ቅርጫት ኳስ ቡድን አሠለጥናለሁ። ሁለት ፎርዋርዶች በዝውውር መጥተዋል፤ አንዱ ከጋምቤላ የመጣ ረጅም ልጅ፣ ሌላው መካከለኛ ቁመት ያለው፣ ከርቀት የሚያስቆጥር። ያለኝ ቦታ አንድ ነው። የትኛውን ልያዝ?

መልስ፦ ውድ አሠልጣኝ፣ በቅድሚያ የቡድንዎን ጉድለት ይለዩ። ቀለበት ነክታ የምትመለሰውን ኳስ ተጋጣሚ ደጋግሞ የሚወስድባችሁ ከሆነ ረጅሙ ይጠቅማል። ተከላካዮች ከቀለበቱ ሥር ተከማችተው መግቢያ የሚያሳጧችሁ ከሆነ ግን ከ6.75 ሜትሩ መስመር ውጭ የሚያስቆጥረው ይሻላል።

ቁመት ብቻውን አያታልልዎ። ልምምድ ላይ ኳስ ስትወረወር ዓይንዎን ከኳሷ አንሥተው ልጁን ይዩት። አንጋጦ ይቆማል? ወይስ ወዲያው ዞሮ ተጋጣሚውን በጀርባው ይዘጋል? ሪባውንድ የሚገኘው እዚያች ቅጽበት ላይ ነው።

ደግሞ አይቸኩሉበት። ጋምቤላ ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 500 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ነቀምቴ ከ2000 ሜትር በላይ ናት። ሰውነቱ አየሩን እስኪለምድ ጥቂት ሳምንታት ይፈልጋል፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቶሎ ቢደክም ሰነፍ አይበሉት።

የሁለቱንም የትምህርት ዝውውር ሬጅስትራሩ ማጽደቁን አስቀድመው ያረጋግጡ። እኩል ከሆኑብዎት፣ አምስት ፋውል ሳይሞላበት 40ውን ደቂቃ የሚጨርሰውን ይያዙ።