ዩኒፎርሙ ዛሬም ይሰፋታል

«እትዬ፣ የ13 ዓመት ልጄ ዐቢይ ጾምን እንደ ሁላችን ጾመች። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ግን ዶሮውንም እርጎውንም እምቢ አለች። እንጀራዋን ቆራርሳ ሳህኑ ዳር ትደረድረዋለች እንጂ አትጎርስም፤ አጥንቷ ወጥቶ እያየሁት "ወፍሬያለሁ" ትላለች። የወር አበባዋን ማየት በጀመረች በዓመቷ ቀረባት፤ ይኸው አራተኛ ወሩ ነው። መስከረም ላይ "ታድግበታለች" ብዬ ሰፋ አድርጌ ያሰፋሁት ዩኒፎርም ዛሬም ይሰፋታል። ጎረቤት ግን "ቀጠን ብላ አማረባት" ይለኛል። ቁመቷ እንዲሁ ሊቀር ነው?»

እናት ነኝ፣ ከአዲስ አበባ

እህቴ፣ ጎረቤት የሚልሽን ተይው። ስጋትሽ ልክ ነው።

ሴት ልጅ የመጀመሪያ የወር አበባዋን ካየች በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ትጨምራለች፤ እሱም በሁለት ዓመት ገደማ ያበቃል። ልጅሽ የራበችው በዚሁ ጊዜ ላይ ነው። ምግብ ሲጎድል ሰውነት ያለችውን ጉልበት ለልብና ለአንጎል ይቆጥባል፤ ማደጉን ለሌላ ቀን ያቆያል። የእድገት ሆርሞን ቢኖርም ጉበት ትእዛዙን አይሰማም፤ ኤስትሮጅንም ይወርዳል። የወር አበባ የሚቀረው በዚህ ነው።

በአጥንቶቿ ጫፍ ያለው ማደጊያ ካልተዘጋ፣ ቶሎ መብላት ከጀመረች ቁመቷ ሊካካስ ይችላል፤ ሁሉም ላይመለስ ግን ይችላል። ሐኪም እጇን ራጅ አንስቶ ምን ያህል እንደቀራት ይነግርሻል። እኔን ከቁመቷ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የአጥንቷ ጥንካሬ ነው። ሴት ልጅ ዕድሜዋን ሙሉ የሚሸከማትን አጥንት 90 በመቶ ያህሉን የምትገነባው እስከ 18 ዓመቷ ነው፤ ያኔ የሳሳ አጥንት በኋላ በቀላሉ ይሰበራል።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ሕፃናት ሐኪም ዘንድ ውሰጃት። ክብደቷና ቁመቷ የተጻፈበት የቆየ ካርድ ካለ ይዘሽ ሂጂ። ቲቢ፣ ስኳርና እንቅርትም አብረው ይታዩ፤ የሚያከሳ ሁሉ አንድ በሽታ አይደለም። ራሷን ከሳተች ወይም ቁጭ ብላ ሳለ ልቧ በደቂቃ ከ50 በታች ከመታ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል አድርሻት። አደራ፣ ሐኪም ሳያያት «ትጠግብ» ብለሽ በአንድ ጊዜ አታጉርሻት። ብዙ ተርቦ የቆየ ሰውነት ድንገት ሲጠግብ በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት ይዛባሉ፤ እስከ ሞት ሊያደርስ ይችላል።

ከዚያ በኋላ ማዕዱ የአንቺና የአባቷ ኃላፊነት ይሁን። የምትበላውን እናንተ ወስኑ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ አብራችኋት ተቀመጡ። አትቆጧት፣ ስለ ውፍረትና ቅጥነትም በፊቷ አታውሩ። «ወፍሬያለሁ» እያሰኘ ምግብ እምቢ ለሚያሰኝ በሽታ በዚህ ዕድሜ ከሚሰጡት ሕክምናዎች ውጤቱ በደንብ የታየው ቤተሰብ ገበታውን የሚረከብበት ነው። በሽታውን አንቺ አላመጣሽባትም፤ ለመዳኗ ግን ታስፈልጊያታለሽ።

ፍልሰታ ሳትገባ ደግሞ የንስሐ አባታችሁን አነጋግሪ። ሕፃናቱ ሁሉ የሚጾሟት ናትና ለልጅሽ ላለመብላት ጥሩ ምክንያት ትሆናታለች። የታመመ እንዲበላ ቤተ ክርስቲያን ትፈቅዳለች፤ ይህን ከአንቺ ይልቅ ከእሳቸው አፍ ብትሰማው ይሻላል።