አረንጓዴው ገንዳ፦ በጅቡቲ ማቆያ በረቶች አልጌን ያለ መርዝ መቆጣጠር

መርከብ ለሚጠብቅ መንጋ ነጋዴው ስለ መኖው በኪሎ ይከራከራል። ስለ ውሃው ግን ገንዳው መሙላቱን ብቻ አይቶ ያልፋል። በጅቡቲ ከተማ ዙሪያ ሙቀቱ በበጋው ወራት፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ፣ ከ40 ዲግሪ ሲያልፍ የሚያከስረው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ የጀመረው የዳመርጆግ ኳራንታይን ጣቢያ ይሁን የነጋዴው የግል ማቆያ፣ ፀሐይ ላይ የተቀመጠ ገንዳ በጥቂት ቀናት ውስጥ ግድግዳው አረንጓዴ ይለብሳል፣ ውሃውም መሽተት ይጀምራል። ይህ አረንጓዴ ነገር አልጌ ነው፤ በመማሪያ መጻሕፍት ዋቅላሚ ይባላል።

እንስሳው የሚሸት ውሃ ሲሰጠው ትንሽ ይጠጣል፤ ትንሽ የጠጣ ደግሞ ትንሽ ይበላል። ከአዳማና ከሞጆ ድለባ ጣፋጭ ውሃ ለምዶ የመጣ ሰንጋ ይህን ከበግ ይልቅ በግልጽ ያሳያል። በጉዞው የቀለለው ኪሎ በማቆያው እንዲመለስ ሲጠበቅ፣ በገንዳው ምክንያት ጭራሽ ይቀንሳል።

አረንጓዴ ሁሉ ግን አንድ አይደለም፤ ለመለየትም ዱላ ይበቃል። ዱላው ውሃው ውስጥ ገብቶ ሲወጣ እንደ ፀጉር የረዘመ ክር ከተንጠለጠለበት፣ ያ ክራማ አልጌ ነው። ያስቀይማል፣ የቧንቧውን ተንሳፋፊ ይዘጋል፤ በአብዛኛው ግን አይመርዝም። ዱላው ቀለም ውስጥ የተነከረ መስሎ ከወጣ፣ በውሃው ላይም ሰማያዊ አረንጓዴ ቅባት የመሰለ ነገር ከተንሳፈፈ፣ ሳይኖባክቴሪያ ሊሆን ስለሚችል እንስሳቱ ወዲያው ከዚያ ውሃ መራቅ አለባቸው። አንዳንዶቹ ዓይነቶች ጉበትን ወይም ነርቭን የሚያጠቃ መርዝ ያመርታሉ፤ የጉበቱ መርዝ ውሃው ቢፈላም አይጠፋም። ጆርጅ ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1878 በአውስትራሊያ አሌክሳንድሪና ሐይቅ ላይ የጻፈው ዘገባ፣ እንዲህ ያለ ውሃ የጠጡ በጎች በሰዓታት ውስጥ መሞታቸውን ይናገራል። ከሞጆ ብዙም በማይርቀው የቆቃ ሐይቅም እነዚሁ ተሐዋስያንና መርዛቸው በጥናት ተገኝተዋል። ስለዚህ ነገሩ ለዚህ መንገድ ነጋዴ ሩቅ አይደለም።

መንስኤውን ለማየት በከተማዋ ቤቶች ውስጥ ጌጥ ሆኖ የሚቀመጥን የባሕር ውሃ የዓሣ ሣጥን ማሰብ ይጠቅማል። ባለቤቱ ለዓሣዎቹ ከሚበሉት በላይ ምግብ ይጥላል። የተረፈው ይበሰብስና ናይትሬትና ፎስፌት ይሆናል፤ መብራቱ ቀኑን ሙሉ በርቶ ሲውል መስተዋቱ አልጌ ይለብሳል። ቢፋቅ በሳምንቱ ይመለሳል፣ ምክንያቱም የተነሣው አልጌው እንጂ ምግቡ አይደለም። የሚሠራው መላ ምግብ መቀነስ፣ መብራቱን ማሳጠር፣ ከውሃውም የተወሰነውን በየጊዜው ቀድቶ በአዲስ መተካት ነው። የበረት ገንዳም ይህንኑ ሕግ ይከተላል። በእሱ ውስጥ ምግቡ ከእንስሳቱ አፍ የሚወድቅ ድርቆሽና ፉርሽካ፣ የሚገባው በጠጥና ነፋሱ የሚያመጣው አቧራ ነው። መብራቱም ፀሐይ ነው።

ሌላም ነገር አለ፤ ውሃ ሲተን ጨው አይተንም። የጅቡቲ ጉድጓዶች ውሃ ከመነሻው ጨዋማ ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ወዲህ ከኢትዮጵያ ሶማሌ ክልል በቧንቧ የሚመጣ፣ ከ2021 ወዲህ ደግሞ በዶራሌ ጨው የሚወገድለት ውሃ ቢጨመርም፣ ሁሉም በረት ከዚያ አይቀዳም። ለምሳሌ ስፋቱ 4 ካሬ ሜትር፣ ጥልቀቱ 25 ሳንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ 1,000 ሊትር ይይዛል እንበል። በቀን 1 ሳንቲ ሜትር ቢተን 40 ሊትር ይሄዳል። አንዱ ጭነት ወጥቶ ሌላው እስኪገባ በረቱ 25 ቀን ባዶ ቢቆም፣ ገንዳውም በላዩ ላይ ብቻ እየተሞላ ቢቆይ፣ በሊትር 2 ግራም የነበረው ጨው 4 ግራም ይሆናል። እስከ 3 ግራም ለበግም ለከብትም አይከብድም፤ ከ5 ግራም ሲያልፍ ያልለመደ እንስሳ ሊሸሸው ወይም ተቅማጥ ሊይዘው ይችላል። ገንዳው ሁልጊዜ ሙሉ ነው ማለት እንግዲህ ሁልጊዜ ጤናማ ነው ማለት አይደለም።

እረኛው አረንጓዴውን ሲያይ ከገበያ ሰማያዊ ዱቄት፣ ማለትም መዳብ ሰልፌት፣ ገዝቶ ለመበተን ሊፈተን ይችላል። አልጌውን መግደሉ አይካድም። በግ ግን ከቤት እንስሳት ሁሉ መዳብን የማይችል ነው። ትርፉ መዳብ በጉበቱ ውስጥ ሳይታይ ይጠራቀማል፤ እንስሳው ሲጨነቅ፣ ሲራብ ወይም ሲጓጓዝ በድንገት ወደ ደሙ ይፈስሳል። የቀይ ደም ሕዋሳት ይፈርሳሉ፣ ሽንቱ ቡናማ ቀይ ይሆናል፣ የዓይኑ ሽፋን ይቢጫል፣ በጉም በአንድ ሁለት ቀን ይሞታል። በማቆያ ደህና የሰነበተ ጥቁር ራስ በግ መርከብ ላይ ሲወድቅ ነጋዴው በሽታ ፍለጋ ይሄዳል እንጂ ገንዳውን አያስታውስም። ሁለተኛው አደጋ ከሳይኖባክቴሪያ ጋር ነው፤ መዳቡ ሕዋሱን ሲያፈርሰው በውስጡ የነበረው መርዝ በአንድ ጊዜ ውሃው ውስጥ ይለቀቃል። እ.ኤ.አ. በ1979 በአውስትራሊያ ፓልም ደሴት የመጠጥ ውሃ ግድብ በመዳብ ሰልፌት ከታከመ በኋላ ከመቶ በላይ ሰዎች፣ አብዛኛዎቹ ሕፃናት፣ ሆስፒታል ገብተዋል። የዓሣ ሣጥን ባለቤቶችም መዳብን የሚፈሩት በምክንያት ነው፤ አልጌውን የሚግጡትን ቀንድ አውጣዎች ቀድሞ ይገድላቸዋል።

መዳብን የሚተካው ሥራ የጉልበት ነው፣ ውድም አይደለም። ከሁሉ በፊት ዳስ፦ በገንዳው ላይ በቆርቆሮ ወይም በሰሌን የሚሠራ ጥላ ብርሃኑንም ሙቀቱንም ትነቱንም ይቀንሳል። የድርቆሽ መመገቢያው ከገንዳው ጥቂት ሜትሮች ይራቅ። ገንዳው መውረጃ ቀዳዳ ይኑረው፤ በሙቀቱ ወራት በየሦስት አራት ቀኑ እስከ ታች ይፍሰስ፣ ዝቃጩ ይጠረግ፣ ግድግዳው በሻካራ ብሩሽ ይፈግፈግ። በረኪና የሚጨመር ከሆነ ቀጥኖ፣ እንስሳት በሌሉበት፣ ባዶ ገንዳ ላይ ብቻ ነው፤ ከዚያ በደንብ ይታጠብ። በሁለት ጭነቶች መካከል ከሁሉ የሚሻለው ገንዳውን ባዶ አድርጎ ፀሐይ ላይ ማድረቅ ነው። ትልቅ ገንዳ ከመገንባትም መንጋው በአንድ ቀን የሚጨርሰውን የሚይዝ ትንሽ ገንዳ ይመረጣል፤ በሙቀት አንድ በግ በቀን ከ4 እስከ 10 ሊትር እንደሚጠጣ አስቦ ማስላት ይቻላል።

በረት የሚከራይ ነጋዴም ውል ከመፈራረሙ በፊት ሁለት ነገር ይጠይቅ፦ ገንዳው መጨረሻ የፈሰሰው መቼ ነው፣ በውስጡስ ምን ተጨምሮበታል። መዳብ ተጨምሮ ከሆነ ገንዳው ተፍስሶ፣ ዝቃጩ ወጥቶ፣ በደንብ ታጥቦ አዲስ ውሃ ሳይሞላ በግ አይግባ።