የእጅ ስልክ ጨረርና የወንድ ዘር

በሚዛን ተፈሪና በቴፒ፥ በዙሪያቸውም ባለው የቡና አገር፥ የእጅ ስልኩን በሱሪው ኪስ ይዞ የማይዞር ወጣት ጥቂት ነው። «ስልክ በኪስ መያዝ ወንድን ያመክናል» የሚለው ወሬም ከስልኩ ጋር አብሮ ይዞራል። አንዳንዱ ይስቅበታል፤ አንዳንዱ ደግሞ በልቡ ይሠጋል። ወሬን ሳይመረምሩ ማመንም ሆነ በሳቅ ማለፍ ለተማሪ የሚገባ ስላልመሰለን፥ የተረጋገጠውን ከሚጠረጠረው ለይተን ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ አሰብን። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመቶች በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ፥ ጨረር ሁሉ አንድ ዐይነት አይደለም። የራጅ ጨረር ኀይሉ ብርቱ ስለሆነ የሕዋስን ውስጣዊ አሠራር ሊሰባብር ይችላል። ስልክ የሚልከው የራዲዮ ሞገድ ግን በዐይናችን ከምናየው ብርሃን እንኳ ያነሰ ጉልበት ያለው ነው። በእርግጥ የታወቀው ሥራው ሰውነትን በጥቂቱ ማሞቅ ነው፤ ስለዚህም ብዙ አገሮች የሚከተሉት ወሰን ራስና ደረት በሚቀበሉት መጠን ላይ በኪሎ ግራም 2 ዋት ሆኖ ተደንግጓል።

ታዲያ ጥቂት ሙቀት ስለ ምን ያሳስባል? ቆለጥ ከሆድ ውጭ የተንጠለጠለው ያለ ምክንያት አይደለም። ዘር የሚያፈራው ከቀረው ሰውነት ከ2 እስከ 4 ዲግሪ ያህል ሲቀዘቅዝ ነው። አንድ የዘር ሕዋስ ተፈጥሮ እስኪበስል ድረስም ሁለት ወር ተኩል ገደማ ይፈጅበታል።

አሁን ወደ ጥናቶቹ እንለፍ። በ2008 በአሜሪካ ክሊቭላንድ ክሊኒክ 361 ወንዶች ተመርምረው፥ በስልክ ብዙ ሰዓት በተነጋገሩት ዘንድ የዘሩ ቍጥርም እንቅስቃሴም አንሶ ተገኘ። ነገር ግን ሰዎቹ ልጅ ስለ ማጣት ሊመረመሩ የመጡ ስለነበሩ፥ ለሰው ሁሉ መለኪያ ሊሆኑ አይችሉም። በ2023 የወጣው የስዊስ ጥናት ከ18 እስከ 22 ዓመት የሆናቸውን 2,886 ወጣቶች ያካተተ ነው። በቀን ከ20 ጊዜ በላይ ስልክ በሚጠቀሙት ዘንድ በአንድ ሚሊ ሊትር 44.5 ሚሊዮን፥ በሳምንት ከአንድ ጊዜ በማይበልጡት ዘንድ 56.5 ሚሊዮን የዘር ሕዋስ ተቈጠረ። ሁለቱም የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 ካወጣው ዝቅተኛ መለኪያ፥ ማለት ከ16 ሚሊዮን፥ በላይ ናቸው። በዚሁ ጥናት ስልኩን በሱሪ ኪስ መያዝ ለብቻው ልዩነት አላመጣም፤ አዳዲሶቹ የኔትወርክ ዐይነቶች ከተተከሉም በኋላ ዝምድናው እየደከመ ሄዷል። ደግሞም አብሮ የታየ ሁሉ መንሥኤ አይባልም፤ ስልክ የሚያበዛ ሰው እንቅልፍ የሚያጣ ወይም ሲጋራ የሚያጨስ ሊሆን ይችላልና።

ለእኛ አገር ግን አንድ ልዩ ነገር አለ። ሰው የሚያነጋግረው ሲርቅ ድምፁን እንደሚያነሣ፥ ስልክም ማማው ሲርቅበት ኀይሉን ይጨምራል። የ2ጂ ስልክ ጉልበቱ እስከ 2 ዋት ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ ጋራና ጫካ በጋረደው የቡና ማሳ ውስጥ፥ ኔትወርኩ በደከመበት ስፍራ የሚነጋገር ሰው፥ በማማው አጠገብ ካለው ከተሜ ይልቅ ብዙ ሞገድ ይደርሰዋል። ጥሪ በሌለበት ጊዜ ግን ስልኩ አልፎ አልፎ ብቻ ነው የሚልከው። እንግዲህ ጥንቃቄው ቀላል ነው፤ ማዳመጫ በጆሮ ሰክቶ፥ ስልኩን በሱሪ ኪስ ትቶ ረጅም ወሬ አለማውራት፤ ኔትወርኩ ሲደክም ጨዋታውን ማሳጠር ወይም መልእክት መጻፍ፤ ስልኩንም በቦርሳ መያዝ።

ይሁን እንጂ ስልኩን ስንከስ ዋናዎቹ ጥፋተኞች እንዳያመልጡን እንጠንቀቅ። ከጕርምስና በኋላ የሚይዝ ጆሮ ደግፍ፥ ሳይታከም የቈየ ጨብጥ፥ በልጅነት ወደ ስፍራው ያልወረደ ቆለጥ፥ ሲጋራ፥ እነዚህ ሁሉ የወንድን ዘር እንደሚጐዱ የታወቁ ናቸው። በ1977 በካሊፎርኒያ ዲቢሲፒ የተባለ የሥር ትል መግደያ በሚሠሩ የፋብሪካ ሠራተኞች ላይ ዘር ማነስና ፈጽሞ መጥፋት ተረጋግጧል። በእርሻ ላይ ኬሚካል የሚረጩ ወንድሞቻችን ከስልካቸው አስቀድመው ጓንታቸውንና ጭንብላቸውን ያስቡ።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ልጅ በጠፋ ጊዜ ጥፋቱን በሚስቲቱ ላይ ብቻ መጣል ነው። ሴቲቱ ከጠበል ወደ ሐኪም፥ ከሐኪም ወደ አዋቂ ስትንከራተት ባል አንድ ጊዜ እንኳ አይመረመርም፤ በመጨረሻም እርሷን ፈትቶ ሌላ ያገባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንዳስታወቀው፥ ከስድስት ሰዎች አንዱ በዕድሜው መካንነት ያጋጥመዋል፤ ከእነዚህም ጋብቻዎች በግማሹ ገደማ የወንዱ ድርሻ አለበት። ባልና ሚስት አንድ ዓመት ሙሉ አብረው ኖረው ፅንስ ካልመጣ፥ ሁለቱም መመርመር ይገባቸዋል። የወንዱ ምርመራ ቢላዋም ሥቃይም የለበትም፤ የዘሩ ፈሳሽ በማጉያ መነጽር ይታያል፥ ይቈጠራል።

ስለዚህ ተማሪ ወንድሞቻችን ስልካቸውን ከኪሳቸው ቢያወጡ መልካም ነው፤ ወጪ የለውምና። ለዕረፍት ወደየአገራቸው ሲሄዱ ግን ለአባቶችና ለታላላቅ ወንድሞች ይህን አብረው ይንገሩ፦ ልጅ ሲጠፋ የሚጠየቀው ስልኩ ብቻ፥ ሴቲቱም ብቻ አይደለችም፤ ወንዱም ቀርቦ ይመርመር።