በበዓል ሰሞን ስለ ቤት ድመት አያያዝ

የዐቢይ ጾም 55 ቀን ተፈጽሞ የትንሣኤ በዓል ሲደርስ ድመትም ከቤተ ሰቡ ጋር ትፈስካለች። ነገር ግን ደግነት መስሎን የምንጥልላት ትራፊ ብዙ ጊዜ ይጎዳታል። የበሰለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር እየሾለ ጉሮሮዋንና አንጀቷን ይወጋል፤ በወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትም ቀይ የደም ሕዋሶቿን ያፈርሳል።

ከዚህም በላይ ለሰው የሚያሰጋ ነገር አለ። ድመት ጥሬ ሥጋና የሆድ ዕቃ ስትበላ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ረቂቅ ተሐዋሲ ሊይዛት ይችላል፤ ከ3 እስከ 10 ቀን ያህል ቆይታም ዘሩን በዓይነ ምድሯ መጣል ትጀምራለች። ይህ ተሐዋሲ ነፍሰ ጡር ሴትን በእርግዝናዋ ጊዜ እንደ አዲስ የያዛት እንደሆነ ወደ ፅንሱ ተላልፎ ዓይኑንና አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ሆኖም ዘሩ ሰውን ለመያዝ የሚበቃው ከወጣ ከ1 እስከ 5 ቀን ከቆየ በኋላ ነውና፣ ዓይነ ምድሩ በየዕለቱ ቢጠረግ አደጋው ይቀንሳል።

ስለዚህ ለድመት አጥንትና ቅመም የሌለው የበሰለ ሥጋ እንስጥ፤ ከዕርድ የተረፈውን በጥልቅ እንቅበር፤ ጠረጋውን ነፍሰ ጡር ያልሆነ ሰው ይሥራ፤ እጃችንንም በሳሙና እንታጠብ። በሽታው በጥሬ ሥጋም ይገባልና ነፍሰ ጡር ሴት ጥሬ ከመብላት ትቆጠብ። ድመቲቱን ማባረር ግን አያስፈልግም። መምህራን ይህን ከበዓሉ ዕረፍት አስቀድመው ለተማሪዎቻቸው ቢያስረዱ፣ ትምህርቱ ከየቤቱ ይደርሳል።