ስለ ርስትና ስለ ግብር

የሽንዲና የፍኖተ ሰላም መምህራንና ሽማግሌዎች ሆይ፤ አለን ሆበን የሚባል አሜሪካዊ ሊቅ በ1950ዎቹ ዓ.ም. በጎረቤታችሁ በደጋ ዳሞት ተቀምጦ የርስትን ነገር መረመረ። ሰው ርስት የሚጠይቀው በአባቱም በእናቱም በኩል ትውልዱን እስከ ዋናው አባት ቆጥሮ ነበር፤ ስለዚህ መብቱ በብዙ ስፍራ ሲሆን የሚያርሰው ግን ጥቂቱን ነው።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር በታወጀ ጊዜ የጎጃም ገበሬ ያመፀው ስለ ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ ግብሩ መለካትን ያመጣል፥ መለካትም ርስትን ያጠፋል ብሎ ፈርቶ ነው እንጂ። መንግሥት ጦር አዘመተ፤ በኋላ ግን አገረ ገዢውን አነሣ። የሆበን መጽሐፍ የታተመው ከዚህ በኋላ፥ በፈረንጆች 1973 ዓመት ነው፤ ዕውቀቱ ግን አስቀድሞ በሽማግሌዎች አፍ ነበረ፥ ጠያቂ አጣ እንጂ።

ተማሪዎች ርስት በ1967 ዓ.ም. ከመሻሩ በፊት በመንደራቸው መሬት እንዴት ይከፈል እንደ ነበረ ሽማግሌ ጠይቀው ይጻፉ።