ቀዶ ሕክምናውን ማን ይሥራ? የኦቫሪ ካንሰር ሐኪምን ስለመምረጥ

የሒሳብ ቀመር በሽታን አይፈውስም። ይሁንና አንዲት ታማሚ በየትኛው ሐኪም እጅ መታከም እንደሚገባት ሊጠቁም ይችላልን? ፊዚክስ የሚያስተምር ሰው በዚህ ርዕስ ላይ ብዕሩን ማንሣቱ አንባቢን ሊያስገርም ስለሚችል፣ ነገሩ እንዴት እንደጀመረ አስቀድሜ ልናገር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በወሎ የሚኖሩ የ61 ዓመት አክስቴ ስልክ ደወሉልኝ። ሆዳቸው እየተነፋ፣ ጥቂት ሲቀምሱ ቶሎ እየጠገቡ ወራት አልፈዋል። በሚኖሩበት ከተማ በአልትራሳውንድ ሲታዩ በኦቫሪያቸው፣ ማለትም በእንቁላል ማመንጫቸው ላይ እብጠት ተገኘና በሚቀጥለው ሳምንት ቀዶ ሕክምና እንዲደረግላቸው ተቀጠሩ። «አንተ ዶክተር አይደለህም እንዴ ልጄ፣ ልግባ ወይስ ይቅርብኝ?» አሉኝ። በቤተሰባችን ዘንድ ዶክተር መሆኔ እንጂ የምን ዶክተር መሆኔ ተለይቶ አይታወቅም። በባዕድ አገር ዓመታት የፈጀሁበት የዶክትሬት ሥራዬ ስለ ጠጣር ቁሶች ጠባይ መሆኑን ደጋግሜ ባስረዳም ሰሚ አላገኘሁም። ስለዚህ የምችለውን አደረግሁ፤ አነበብሁ፣ የሚያውቁትንም ጠየቅሁ።

ቀመሩን ያገኘሁት ያን ጊዜ ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ኢያን ጃኮብስና የሥራ ባልደረቦቹ በብሪታንያ ያቀረቡት ሲሆን የሦስት ቁጥሮች ብዜት ነው። የመጀመሪያው ቁጥር ከአልትራሳውንድ ይገኛል። እብጠቱ በውስጡ ብዙ ክፍልፋይ ያለው መሆኑ፣ ጠጣር አካል መያዙ፣ በሁለቱም ኦቫሪዎች ላይ መታየቱ፣ በሆድ ዕቃ ውስጥ ውኃ መጠራቀሙ፣ ወደ ሌላ አካል የመሠራጨት ምልክት መኖሩ ይመረመራል። ከእነዚህ አምስት ምልክቶች አንዱም ከሌለ 0፣ አንድ ብቻ ካለ 1፣ ሁለትና ከዚያ በላይ ካሉ 3 ይያዛል። ሁለተኛው ቁጥር ላላረጠች ሴት 1፣ ላረጠች ሴት 3 ነው። ሦስተኛው በደም ምርመራ የሚለካው ሲኤ 125 የተባለ ፕሮቲን መጠን ነው፤ ይህ እንደተለካ ይወሰዳል።

የአክስቴ እብጠት ጠጣር አካል ነበረው፤ በሆዳቸውም ውኃ ታይቷል። ሲኤ 125 በኋላ ሲለካ 84 ሆነ። እንግዲህ 3 ሲባዛ በ3፣ ሲባዛ በ84፣ 756 ይሆናል። ቀመሩን ያወጡት ሰዎች መለያ አድርገው የወሰዱት 200 ነበር፤ የብሪታንያ ብሔራዊ የሕክምና መመሪያ ደግሞ 250 የደረሰች ሴት ወደ ልዩ ባለሙያዎች ቡድን እንድትላክ ያዝዛል። በአንጻሩ ያው 84 የተለካላት፣ በአልትራሳውንድም አንድ ምልክት ብቻ የታየባት የ28 ዓመት ወጣት ብትሆን ኖሮ ውጤቱ ከ84 አያልፍም ነበር። አንድ የላቦራቶሪ ቁጥር ብቻውን ምን ያህል ትንሽ እንደሚናገር ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ለቁጥር የሠለጠነ አንባቢ አንድ ጉድለት ሳያስተውል አይቀርም። የአልትራሳውንዱ ቁጥር 0 ከሆነ ሲኤ 125 አንድ ሺህ ቢደርስ እንኳ ብዜቱ ዜሮ ነው! እ.ኤ.አ. በ1996 የቀረበው የተሻሻለ ቀመር 0ን፣ 1ንና 3ን ትቶ 1ንና 4ን የተጠቀመ በመሆኑ ይህን ጉድለት አስወግዷል። ከዚህ የሚበልጥ ሌላ ጥንቃቄም አለ። ሲኤ 125 በካንሰር ብቻ አይጨምርም። በወር አበባ፣ በእርግዝና፣ በጉበት በሽታ፣ በተለይ ደግሞ በሆድ ዕቃ ሳንባ ነቀርሳ ምክንያት ከፍ ሊል ይችላል። የሆድ ዕቃ ነቀርሳ ውኃ ያጠራቅማል፣ ያከሳል፣ ሲኤ 125ንም ያንራል፤ ነቀርሳ በበዛበት እንደ እኛ ባለ አገር የኦቫሪ ካንሰር መስሎ ሐኪምን ሊያሳስት ይችላል። ስለዚህ 756 ማለት «ካንሰር ነው» ማለት አይደለም። ካንሰር ሆኖ ቢገኝ ሊሠራው የሚችል ሰው በማይኖርበት ክፍል ሆዱ አይከፈት ማለት ነው።

ይህ ለምን ይህን ያህል ያስፈልጋል? የኦቫሪ ካንሰር በአብዛኛው የሚሠራጨው በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ እንደተበተነ ዘር ነው። በአንድ ኦቫሪ ብቻ ተወስኖ የነበረ እብጠት በቀዶ ሕክምናው ጊዜ ቢፈነዳ የበሽታው ደረጃ በዚያው ቅጽበት ከፍ ይላል። በሌላ በኩል በሽታው ተበትኖ ከተገኘ እብጠቱን ብቻ አውጥቶ መዝጋት አይበቃም፤ ማህፀኑ፣ ሁለቱም ኦቫሪዎች፣ የሆድ ሞራው፣ አንዳንዴም የአንጀት ክፍል መውጣት ይኖርባቸዋል። የቀዶ ሕክምናው ግብ በዓይን የሚታይ ቅሪት አለማስቀረት ነው። የአንድ ሳንቲ ሜትር ዲያሜትር ያለው ቅሪት ትንሽ ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ሕዋሳትን ይይዛል። ዲያሜትሩ በእጥፍ ቢያድግ ይዘቱ ስምንት እጥፍ ይሆናል፤ ደም በደንብ በማይደርስበት መሐሉ ላይም መድኃኒቱ አቅም ያንሰዋል። በዘርፉ በሠለጠኑ ሐኪሞች የተሠራላቸው ታማሚዎች የተሻለ ዕድሜ እንደሚያገኙ በልዩ ልዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ማሳየታቸው ስለዚህ አያስደንቅም።

እዚህ ላይ የማዕረግ ስሞችን መለየት ይገባል። የማህፀንና ጽንስ ስፔሻሊስት የሚያዋልድ፣ የማህፀን እጢ የሚያወጣ፣ ብዙ ሕይወት የሚያተርፍ ባለሙያ ነው። የማህፀን ካንሰር ሰብ ስፔሻሊስት ግን ከዚያ በኋላ ተጨማሪ ዓመታት በካንሰር ቀዶ ሕክምና ላይ ብቻ የሠለጠነ ነው። በአሜሪካ ይህ ራሱን የቻለ ዘርፍ ሆኖ የታወቀው በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሲሆን በአገራችንም በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሥልጠናው ይሰጣል። ኦንኮሎጂስት ተብሎ የሚጠራው ሐኪም ደግሞ በእኛ አገር በአብዛኛው ኬሞቴራፒና ጨረር የሚሰጥ እንጂ ቀዶ ሕክምና የሚሠራ አይደለም። በክሊኒክ ደጃፍ ያለ ሰሌዳ ይህን ልዩነት ሁልጊዜ አይነግረንም።

ታዲያ ምን እንጠይቅ? በእኔ አስተያየት አንዱ ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል፦ «ሆዱ ተከፍቶ ካንሰር ሆኖ ቢገኝ፣ በዚያው ሰዓት ምን ይደረጋል?» መልሱ «ናሙናው እዚያው በፓቶሎጂስት ይታያል፣ ሙሉውን ቀዶ ሕክምና እኔ ወይም አብሮኝ ያለው ባለሙያ እንጨርሰዋለን» ከሆነ መልካም ነው። «ዘግተን ሪፈር እንጽፋለን» ከሆነ ሪፈሩ አስቀድሞ ቢጻፍ ይሻላል። ሐኪሙ በዓመት ስንት እንዲህ ያለ ቀዶ ሕክምና እንደሚሠራና ጉዳዩ በልዩ ልዩ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ እንደሚታይ መጠየቅም ነውር የለበትም። ሐኪምን መጠየቅ እንደ ድፍረት ይቆጠርብናል ብለን ስንፈራ እንኖራለን። እኔም ፈርቼ ነበር። የአክስቴ ሐኪም ግን ስልኩን አንሥተው ቁጥሮቹን ካዳመጡ በኋላ የሪፈራል ወረቀቱን በዚያው ዕለት ጻፉ። ታማሚዋ የአልትራሳውንዱን ፎቶና ናሙና ተወስዶ ከሆነም የፓቶሎጂውን ስላይድ ይዛ መሄድ አለባት፤ ወረቀቱ ብቻ አይበቃም።

የማህፀን ጫፍ ካንሰር ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል። ካንሰሩ ከማህፀን ጫፍ አልፎ በጎን ወዳለው ሥጋ ከዘለቀ ዋናው ሕክምና ጨረር ከኬሞቴራፒ ጋር ነው፤ በአገራችን ብዙ ሴቶች የሚደርሱትም በዚህ ደረጃ ነው። ስለዚህ ጎበዝ ቀዳጅ ከመፈለግ ይልቅ የውስጥ ጨረር የሚሰጥበትን ቦታ መፈለግ ይቀድማል። ፊዚክሱ ቀላል ነው፤ የጨረር ኃይል በርቀት ካሬ ይቀንሳል። ትንሿ የኢሪዲየም ወይም የኮባልት ምንጭ እጢው ድረስ ስትገባ በአንድ ሳንቲ ሜትር ያለው ሕዋስ በሦስት ሳንቲ ሜትር ካለው ዘጠኝ እጥፍ ያህል ይቀበላል፤ ፊኛና ደንዳኔ ይተርፋሉ። ከውጭ ብቻ የሚሰጥ ጨረር ይህን አያደርግም። ሕክምናው በሙሉ በ8 ሳምንት ውስጥ ማለቁም ወሳኝ ነው። ለረጅም ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ነበር፤ አሁን እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ተጀምሯልና የወረፋውን ርዝመት በየቦታው ጠይቆ ማወዳደር ያዋጣል።

ወደ ውጭ አገር ለመታከም ለሚያስቡም አንድ ነገር ልጨምር። «በትንሽ ቀዳዳ እንሠራለን» የሚለው ማስታወቂያ ያማልላል። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት በመነሻ ደረጃ ላለ የማህፀን ጫፍ ካንሰር በዚህ ዘዴ የተሠራላቸው ሴቶች ሆዳቸው ተከፍቶ ከተሠራላቸው ይልቅ በሽታው በብዛት እንደተመለሰባቸውና ከመካከላቸው የሞቱትም ቁጥር እንደበለጠ አሳይቷል። ጥናቱን የጀመሩት ራሳቸው እንዲህ ያለ ውጤት አልጠበቁም ነበር።

አክስቴ አዲስ አበባ መጥተው ተሠራላቸው። ካንሰር ነበር። ቀዶ ሕክምናው ከአምስት ሰዓት በላይ ፈጀ፤ በየሦስት ሳምንቱ ስድስት ዙር ኬሞቴራፒም ወሰዱ። ዛሬ በየስድስት ወሩ ለክትትል ይመጣሉ። ባለፈው ወር ደግሞ የጎረቤታቸውን ልጅ የምርመራ ወረቀት በስልክ እያነበቡ፣ «እስቲ አብዛልኝ» አሉኝ። አላረጠችም፣ ምልክቱ አንድ ነው፣ ሲኤ 125 ደግሞ 31። ሠላሳ አንድ አልኋቸው። «እንግዲያው እዚሁ ያሉት ሐኪም ያዩዋት?» አሉ። አዎ፣ ግን እርሳቸውም ራሳቸው ያብዙት አልሁ።