የባለርስቱ ሣጥንና የጭሰኛው ድምፅ፦ የ19ኛው ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ባለርስቶች የቤተሰብ ሰነዶች እንደ ታሪክ ምንጭ

የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የአየርላንድ ገጠር የሚያጠና ሰው በመጀመሪያ የሚገጥመው የመዛግብት ክፍተት ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 1922 በደብሊን የሚገኘው የመንግሥት ቤተ መዛግብት በእርስ በርስ ጦርነቱ ሲቃጠል ከ1821 እስከ 1851 የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ቅጾች በአብዛኛው ወድመዋል፤ ከ1861 እስከ 1891 ያሉትን ደግሞ መንግሥት ራሱ አስቀድሞ አስወግዷቸው ነበር። የመሬት ግምት መዝገቦች ቢተርፉም ስለ ሰዎቹ ኑሮ የሚናገሩት ጥቂት ነው። ስለዚህ ተመራማሪው ፊቱን ወደ ባለርስቶቹ የግል ወረቀቶች ይመልሳል፤ ወደ ኪራይ መዝገብ፣ ወደ እንደራሴ ደብዳቤ፣ ወደ እመቤት የዕለት ማስታወሻ። ታዲያ በባለርስት እጅ የተጻፈና በባለርስት ቤት የተጠበቀ ወረቀት ስለ ጭሰኛው ምን ያህል ይታመናል?

«ባለርስት» የሚለውን ቃል የተጠቀምነው የተሻለ በማጣት ነው። በእኛ ዘንድ ርስት የገበሬውም የዘር መብት ነበር። የአየርላንዱ ባለርስት ግን ብዙውን ጊዜ መሬቱን በ17ኛው ክፍለ ዘመን ወረራ ካገኙ አባቶች የወረሰ፣ ከጭሰኛው በሃይማኖት የሚለይ፣ ብዙ ጊዜም በዕዳ የተያዘ ሰው ነው።

በሮስኮመን አውራጃ የሚገኘው የስትሮክስታውን ርስት ለጥያቄው ጥሩ መፈተኛ ነው። ቤቱ በ1979 ከማሆን ቤተሰብ ወራሾች ሲገዛ ከ50,000 በላይ ሰነዶች በውስጡ ተገኙ። ሻለቃ ዴኒስ ማሆን ርስቱን የወረሰው በ1845 ማለትም የድንች በሽታው በገባበት ዓመት ሲሆን፣ ያገኘውም የተከመረ ዕዳና ያልተከፈለ ኪራይ ነበር። እንደራሴው ጆን ሮስ ማሆን በደብዳቤዎቹ ያቀረበለት ምክር በሒሳብ የተደገፈ ነው፦ ጭሰኞቹን በድኾች መጠለያ ለማኖር ከሚወጣው ግብር ይልቅ የመርከብ ዋጋ ከፍሎ ወደ ካናዳ መስደድ ይረክሳል። በ1847 ወደ 1,490 ሰዎች በዚህ መንገድ ተሰደዱ። ቨርጂኒየስ የተባለችው መርከብ ከጫነቻቸው 476 መንገደኞች 158ቱ በባሕር ላይ ሞቱ። በዚያው ዓመት ኅዳር 2 ቀን ማሆን በጥይት ተገደለ።

በደብዳቤዎቹ ውስጥ ጭካኔን የሚፈልግ አንባቢ የሚያገኘው በአብዛኛው ስሌት ነው። በእኔ አስተያየት የሰነዱ ዋጋ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንደራሴው ለአሠሪው እንጂ ለታሪክ አልጻፈም፤ ሊደብቅ የሚገባው ነገር እንዳለም አላሰበም።

ከዚሁ ክምችት የተገኘው በነሐሴ 1846 የተጻፈው የክሉናሂ ጭሰኞች አቤቱታ ግን ሌላ ድምፅ ያሰማል። አመልካቾቹ የልጆቻቸውን የረኀብ ጩኸት መቋቋም እንዳቃታቸው ይገልጻሉ፤ እርዳታው ካልፈጠነ የአገሩ ሰላም እንደሚታወክ በትሕትና፣ ሆኖም በማያሻማ ቃል ያስጠነቅቃሉ። የአቤቱታ ቋንቋ የራሱ ሥርዓት ስላለው ትሕትናውን እንደ እምነት መውሰድ ስሕተት ይሆናል። ማስጠንቀቂያው ግን ከሥርዓቱ ያፈነገጠ ነውና ይበልጥ ይታመናል።

የዊክሎው አውራጃዋ እመቤት ኤልዛቤት ስሚዝ የዕለት ማስታወሻ ለየት ይላል። በረኀቡ ዓመታት የባልቲቦይስን ጭሰኞች ቤት እየዞረች የየቤተሰቡን ሁኔታ መዝግባለች፤ ሾርባ ታድላለች፣ በዚያው ገጽ ደግሞ ስንፍናቸውን ትወቅሳለች። ፍርዷን ትተን ያየችውን ብቻ እንውሰድ የሚሉ አሉ። ነገር ግን የትኛውን ቤት እንደምትረዳ የሚወስነው ፍርዷ በመሆኑ ሁለቱን መለየት አይቻልም።

በስትሮክስታውን ወረቀቶች መካከል የተሰዳጆቹ የስም ዝርዝር በየቤተሰቡ ተጽፎ ይገኛል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በሌላ መዝገብ ስማቸው አይነሣም፤ ዝርዝሩም የተዘጋጀው ለጉዞው አስተዳደርና ወጪ ነበር።